መልስ፦ አጎቴ «አንቱ» ያለኝ ቀን

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ ጥሩ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ የአገሬ ልጆች ራቁኝ፤ የተቀየርኩት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?» ብለሃል። ሁለታችሁም ናችሁ ባይ ነኝ።

እኔ የሜጫ ገበሬ ልጅ ነኝ። የእኛ ማሳ ከቆጋ መስኖ ውስጥ ነው፤ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው። ክረምት ብቻ ይጠብቅ የነበረ ጎረቤት በበጋ ሽንኩርት ሸጦ መራዊ ላይ ቤት ሠራ። እኔ ደግሞ ተምሬ ባሕር ዳር ደመወዝተኛ ሆንኩ።

አንድ ፋሲካ አገር ቤት ስገባ ለእኔ ብቻ ወንበር ወጣ። ሌላው ሰው መደብ ላይ ነው። ጠላው ለሁሉም በጣሳ፣ ለእኔ በብርጭቆ። ይባስ ብሎ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ አጎቴ «ይቀመጡ» አለኝ። አንቱ! ጠላው አልወርድ አለኝ።

ግን ሐቁን ልንገርህ፣ ምክንያቱን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ግብጦ ሲቀርብልኝ «ሆዴን ይነፋኛል» ብዬ መልሻለሁ። ጎረቤት ሲሞት በስልክ ብር ልኬ ዝም ብያለሁ። እኛ አገር ደግሞ ብር ለቅሶ አይደርስም።

ብድርም አለ። የልጅነት ጓደኛዬ 5,000 ብር ወሰደ፤ መመለስ ሲያቅተው መንገድ ቀየረብኝ። አሁን ቢሆን ግማሹን በስጦታ ሰጥቼ ጓደኛዬን አተርፍ ነበር።

አንተም ሂድና መደቡ ላይ ተቀመጥ፤ ወንበሩን ለአጎትህ ልቀቅ። እኔ በቀጣዩ ዓመት እንደዚያ ሳደርግ አጎቴ ሳቀና «አንተ ቀልማዳ!» አለኝ።