ምቱ የት እንዳረፈ ይታየኝ

የአንባቢያን የፊልም ጥያቄዎችና መልሶቻቸው፣ ከጅማ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ዕትም «ጆን ዊክ» ክፍል 4ን አድንቀው ጽፈዋል። ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ «ታሪክ የለውም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግድያ ነው» ብለው ይሞግቱኛል። ታሪክ የሌለው አክሽን ምን ዋጋ አለው?
(ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ)

መልስ፦ ጓደኞችህ ታሪክ የሚሉት ንግግሩን ከሆነ ልክ ናቸው። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጆን ዊክን የሚጫወተው ኪያኑ ሪቭስ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚናገረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ ግን የዚህን ሰው ታሪክ የማየው ሰውነቱ ላይ ነው። መጨረሻው አካባቢ ያለውን የፓሪስ ደረጃ አስታውስ። ጎህ ሳይቀድ ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለበት፤ ከቀረ ሞቱ ነው። ደረጃው 222 ነው። እየተኮሰ፣ እየተደበደበ ይወጣል፤ ጫፉ ጋ ሊደርስ ሲል ይመቱትና እስከ ታች ድረስ እየተንከባለለ ይወርዳል። መቆሚያ ባገኘ ቁጥር «አበቃ» ስትል እንደገና ይንከባለላል። ከዚያ እንደ አዲስ ሲወጣ ደግፎ የሚያደርሰው ማን ነው? ዓይነ ስውሩ ኬይን፣ ጎህ ሲቀድ ከእሱ ጋር ሊገዳደል የሚቆመው የድሮ ወዳጁ። ፍቅርና ግዴታ አንድ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ሲወጡ እያየህ ታሪክ የለም ትላለህ?

ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው «ዘ ማትሪክስ» ላይ የኪያኑ ሪቭስ ስታንት ነበር፤ በእሱ ቦታ የሚወድቀውና የሚደበደበው እሱ ነበር። መውደቅ ምን እንደሚያስከፍል ስለሚያውቅ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆመዋል፤ ተደባዳቢው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይታያል። ብዙዎቹ ዳይሬክተሮች ግን ቡጢ በተሰነዘረ ቁጥር ምስሉን ይቆርጡታል፣ ካሜራውን ያንቀጠቅጡታል። ማን ማንን እንደመታ ሳናይ በድምፁ ብቻ እንድንደነግጥ ይፈልጋሉ። ይህ ያናድደኛል፤ ተመልካችን መናቅ ነው።

መቁረጥ በራሱ ግን ኃጢአት አይደለም። «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» (2015) እጅግ የተቆራረጠ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ዋናውን ነገር ሁሌም ስክሪኑ መሃል ስለሚያስቀምጠው ዓይን አይባዝንም። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል በዚያ ሥራዋ ኦስካር ወስዳለች፤ የሚገባት ነው።

ጓደኞችህ አንድ ነገር ላይ ግን ይረቱሃል፦ «ጆን ዊክ» ውስጥ የበርሊኑ ጭፈራ ቤት ድብድብ ከመጠን በላይ ረዝሟል።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ «ዱን» ክፍል 2ን ካላየሁ ብሎ አስቸገረኝ። አብሬው ጀመርኩት፤ በረሃው፣ ትሉ፣ ትንቢቱ ግራ ቢያጋባኝ ተውኩት። ለእሱስ ይሆናል?
(እናት፣ ከመንቲና)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ በ2021 የወጣውን ክፍል 1 ይዩ። የ2024ቱ ያለ እሱ አይጨበጥም።

ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልኔቭ የዚያን ዓለም ሕግ የሚያስተምረው እያሳየ ነው። በክፍል 1 ስቲልጋር የሚባለው የበረሃ ሰው መስፍኑ ፊት ቀርቦ ጠረጴዛው ላይ ይተፋል። የመስፍኑ ሰዎች ጌታችን ተዋረደ ብለው ይቆጣሉ። ነገሩ ግን ስጦታ ነው፤ ውሃ በሌለበት አገር ከገዛ ሰውነቱ እርጥበት ቀንሶ መስጠቱ ነው። እኛስ ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» ብሎ ሲመርቀን ተሰደብን እንላለን? ያንን ትዕይንት የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይገባዋል። አሸዋው ውስጥ የሚኖረው ግዙፉ ትልም እንዲሁ ነው፦ ወጥ ምት ያለው እርምጃ ይጠራዋል። ይህን ካወቁ በኋላ አሸዋ ላይ የሚረገጥ እያንዳንዱ እግር ያስጨንቃል። ምትሃት ወሰን ሲኖረው ነው የሚያስፈራው፤ ሁሉም ነገር በሚቻልበት ፋንታሲ ውስጥ ለማን ይሰጋሉ?

ልጅዎ ይየው፣ ግን አጠገቡ ይቀመጡ። ጸጉር አልባው ገዳይ የሚታገልበት ሜዳ ጭካኔው ይከብዳል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላው ሲንበረከክ ቆማ የቀረችውን የቻኒን፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጳውሎስን ፍቅረኛ፣ ፊት እንዲያስተውል ይንገሩት። ጳውሎስ ዝም ብሎ ጀግና እንዳልሆነ ከእሷ ፊት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ትርጉም ፊልም ይጠላሉ አሉ። እንግሊዝኛ የማንችለው ምን እንሁን?
(ከአጋሮ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትርጉም አልጠላም። ለየገጸ ባሕርዩ የተለያየ ድምፅ ሰጥተው፣ ዝም ሲሉ ዝም ብለው የሚተረጉሙትን አከብራለሁ። የሚያመኝ አንድ ተራኪ ከላይ ሆኖ ፋታ ሳይሰጥ ሲያወራ ነው።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ «ኤ ኳየት ፕሌስ»ን (2018) ፍላሽ ላይ አስጭኜ ትርጉም ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ፊልም አውሬዎቹ አያዩም፤ የሚያድኑት በድምፅ ነው። ቤተሰቡ አሸዋ በተነሰነሰበት መንገድ በባዶ እግሩ ይሄዳል፣ በእጅ ምልክት ይነጋገራል። ደረጃው ላይ ሹሉ ወደ ላይ የቆመ ምስማር አለ፤ እኛ አይተነዋል፣ እርጉዟ እናት አላየችውም። ትንፋሻችንን ውጠን እግሯን ስንከተል ተራኪው «አሁን ልትረግጠው ነው!» አለ። ስንት ሰው የለፋበት ዝምታ በአንድ አፍ ተበላ።

ለአንተ የምመርጥልህም ይህንኑ ፊልም ነው፣ ያለ ትርጉም። ንግግሩ በጣም ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ አለማወቅ ብዙም አይጎዳህም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አትክፈተው፤ ኢርፎን አድርግ። ሴት ልጅየዋን የምትጫወተው ሚሊሰንት ሲመንድስ በእውነተኛ ሕይወቷም መስማት የተሳናት ናት፤ ፊልሙ በእሷ ጆሮ በኩል ሲሄድ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ያን ጊዜ ኢርፎኑን ለማስተካከል አትቸኩል፣ ፊቷን ተመልከት።