የመምህራን ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክፍለ ጊዜ

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ጽሑፍ ሲሰጣቸው አንብበው ይረዳሉ። ያንኑ በድምፅ ሳሰማቸው ግን ከ10 ጥያቄ 3 ወይም 4 ብቻ ይመልሳሉ። ደጋግሜ ባሰማቸውም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቅጂውን አሰምተው፣ ጠይቀው፣ መልሱን አርመው ከጨረሱ ተማሪዎቹን ፈትነዋቸዋል እንጂ ገና አላስተማሯቸውም። ትምህርቱ የሚጀምረው ከእርማቱ በኋላ ነው። ብዙዎች የተሳሳቱበትን ጥያቄ ይምረጡና መልሱ ያለበትን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ የሚሆን ክፍል ብቻ 3 ወይም 4 ጊዜ ያሰሙ። ተማሪዎቹ የሰሙትን፣ ፊደሉ ቢሳሳትም፣ እንደሰሙት ይጻፉ። ከዚያ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ከራሳቸው ጋር ያስተያዩት። ጆሯቸው የት ላይ እንደሳተ ያኔ ይታያል።

አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው የቃላት እውቀት አይደለም። እንግሊዝኛ ቁም ነገር ያዘሉትን ቃላት አጉልቶ ትንንሾቹን ይውጣቸዋል። «ዲድ ዩ» «ዲጁ» ይሆናል፤ «ሹድ ሃቭ» «ሹደቭ» ይሆናል። ቃሉን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ እያንዳንዱ ድምፅ ተሟልቶ እንዲሰማው ስለሚጠብቅ የሚያውቀው ቃል አጠገቡ ያልፈዋል።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው «ካን» እና «ካንት» ላይ ነው። «አይ ካን ካም» ሲባል «ካን» ደክሞ «ክን» ይሆናል። በ«አይ ካንት ካም» ግን አናባቢው ሙሉ ሆኖ ይቆያል፤ የመጨረሻው «ት» ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ተማሪው «ት»ን ሲጠብቅ አሉታውን አዎንታ አድርጎ ይወስደዋል። 8 ዓረፍተ ነገሮች አቀላቅለው ይናገሩና ለአዎንታው የመደመር፣ ለአሉታው የመቀነስ ምልክት ያጽፏቸው። ከ5 ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ እንዲተርፍ ቅጂው ከ2 ደቂቃ አይብለጥ። ጥያቄዎቹን ከማሰማትዎ በፊት ይስጡ፤ በኋላ ከመጡ የሚፈተነው የማስታወስ ችሎታ ነው። አስቀድመው የሚያስተምሯቸው አዳዲስ ቃላት ከ5 አይዘሉ። በመጀመሪያው ዙር ዋናውን ሐሳብ ብቻ ይጠይቁ፤ በሁለተኛው ዝርዝሩን። በመካከል ለ1 ደቂቃ ከጎረቤታቸው ጋር መልስ ያነጻጽሩ። ከ40 ደቂቃው ቢያንስ 12ቱ ለተሳሳቱበት ቦታ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ማጫወቻ የለንም። ጽሑፉን እኔው አነባለሁ፤ እንዲገባቸው ብዬ ቃል በቃል፣ በጣም በዝግታ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ የራስዎ ድምፅ በቂ መሣሪያ ነው፤ ዝግታው ግን እየጎዳቸው ነው። ቃል በቃል ሲነበብ የሚደክሙት ድምፆች ሁሉ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ የለመደውን እንግሊዝኛ ውጭ አያገኘውም። ሐረጉን በተፈጥሮ ፍጥነቱ ይበሉና በሐረጉ መጨረሻ 2 ወይም 3 ሰከንድ ያርፉ። ተማሪው የሚያስፈልገው የማሰቢያ ጊዜ ነው፤ ያንን ከዕረፍቱ ያገኛል። ማረፊያዎቹን ቀደም ብለው በእርሳስ ያስምሩ፤ ያለበለዚያ ደግመው ሲያነቡ እያንዳንዱ ንባብ የተለያየ ይሆናል።

ከንባብም የሚሻል አለ። ለዓይን የተጻፈ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ስለሆነ ለጆሮ ይከብዳል። 6 ወይም 7 ቁልፍ ቃላት በወረቀት ይዘው ጉዳዩን በራስዎ አነጋገር ይንገሯቸው። ሰው ሲያወራ ይደግማል፣ ያርማል፣ «ማለቴ» ይላል፤ ይህም ሊለመድ የሚገባው ነው። አልፎ አልፎ የሥራ ባልደረባዎን ድምፅ በስልክ ቀድተው ያሰሙ፤ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ የሠለጠነ ጆሮ በሌላው ይደናገራል። የስልኩ ድምፅ ለክፍሉ ስለማይበቃ ትንሽ ስፒከር ተውሰው ከተቀመጡት ተማሪዎች ጭንቅላት ከፍ አድርገው ያኑሩት፤ ዝቅ ካለ የፊት ረድፍ ሰዎች ድምፁን ይጋርዱታል። ተማሪዎች ሳይገቡ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆነው ይሞክሩት።

ቃለ ጽሕፈትንም አይተዉ፤ አሠራሩን ግን ይለውጡት። ከ4 እስከ 5 ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያሰሙ። በመጀመሪያው ብዕር አይነሳም፤ በሁለተኛው ቁልፍ ቃላት ብቻ ይጻፋሉ። ከዚያ 3 ወይም 4 ሆነው አንቀጹን ያዋቅሩና ከዋናው ጋር ያስተያዩት።

ጥያቄ፦ በማዳመጥ ፈተና የፊደል ስህተት ነጥብ ያስቀንሳል?

መልስ፦ አያስቀንስም። የተባለው ቃል ከታወቀ ሙሉ ነጥብ ይስጡ፤ ፊደሉን በጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ያርሙታል። ቁጥር ላይ ግን ጥብቅ ይሁኑ፦ ለ«ፊፍቲን» 50 የጻፈ ተማሪ በትክክል አልሰማም። ፈተናውን ከማባዛትዎ በፊት ቅጂውን ላልሰማ ባልደረባ ጥያቄዎቹን ብቻ ይስጡት። ሳይሰማ በእርግጠኝነት የመለሰውን ጥያቄ ያውጡት።