«ካነሳሁበት ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብዬ ፈራሁ»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፤ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ አላገኘም። ሁለት ወር ሆነው፣ ምግብ አይበላም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ቁጭ ይላል፣ ጓደኞቹ ሲደውሉ አያነሳም። «እኔ ባልኖር ይቀላችኋል» ይላል። ጨጓራ ነው ብለን አሳከምነው፣ ጠበልም ወሰድነው። እንቅልፍ እንዲወስደው ብዬ ጎረቤታችን ከምትወስደው ክኒን እየሰጠሁት ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ተረጋግቷል። ብድሩን ከፈለ፣ የሚወደውን ጃኬት እንኳን ለአክስታችን ልጅ ሰጠው። ሐኪም ጋ መሄዱን ከፋሲካ በኋላ ብናደርገውስ? ስለ ሞት ካነሳሁበትስ ሐሳቡን አስገባበታለሁ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ከፋሲካ በኋላ አይሆንም። ዛሬ ነው።

የጠየቅሽኝ ስለ ቀጠሮ ነው። የፈራሽው ግን ሌላ ነው፤ «እኔ በተናገርኩት ነገር ወንድሜን ባጣውስ» ብለሽ ነው። በመጠየቅሽ አታጪውም። ይሄን በሙሉ ልብ ነው የምልሽ።

መጀመሪያ ግን «ተረጋግቷል» ስላልሽው። ድብርት ሲሻል በአንድ ሳምንት እንዲህ አይለቅም። እንቅልፉ ትንሽ ይስተካከላል፣ አንድ ቀን ይበላል፣ በማግስቱ ደግሞ ይጠፋበታል፣ እንዲህ እያለ ነው የሚመጣው። ሁለት ወር ሙሉ ሲጨነቅ የከረመ ልጅ ያለ ሕክምና በድንገት ሲረጋጋ፣ ብድር ሲዘጋና የሚወደውን ዕቃ ሲሰጥ አንዳንዴ ራሱን ሊያጠፋ ልቡ ቆርጦ ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲያ ነው አልልሽም። ጃኬቱን ስለጠበበው ሰጥቶት ሊሆንም ይችላል። ግን ይሄ በግምት የሚተው ነገር አይደለም፤ እሱን መጠየቅ አለብሽ።

ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ ልጁም ዝም ይላል። በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ የተጠየቀ ሰው በመጠየቁ ብቻ ሐሳቡ አይመጣበትም። ካለም አይብስበትም። እንዲያውም ብዙዎቹ ይቀላቸዋል፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ጊዜ ብቻቸውን ይዘውት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ነው የሚለው። ደግሞ «የሚናገር አያደርገውም» የሚሉሽን አትስሚ፤ ራሳቸውን ካጠፉት ብዙዎቹ አስቀድመው ለሆነ ሰው ፍንጭ ሰጥተው ነበር። ወንድምሽም ሰጥቶሻል። «እኔ ባልኖር ይቀላችኋል» ምን እንዲሆን ነው የምትጠብቂው?

አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ አይሆንም። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ በተለይ አብራችሁ በእግር ስትሄዱ፣ ዓይን ለዓይን ስለማትተያዩ ይቀላል። «መቼም እንደዛ አታስብም አይደል?» ብለሽ እንዳትጠይቂው። መልሱን ሰጥተሽው ነው የጠየቅሽው፤ «ኧረ አላስብም» ይልሽና ይዘጋል። እንዲህ በይው፦ «ሰሞኑን በጣም ከብዶህ አይቻለሁ። ሰው እንዲህ ሲከብደው ራሱን ለማጥፋት ሊያስብ ይችላል። አንተስ አስበህ ታውቃለህ?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ረጅም ሊመስልሽ ይችላል፣ ግድ የለም፣ በወሬ አትሙዪው።

«አዎ» ካለሽ አትጩሂ። «እናታችንን ልትገድላት ነው?» አትበይው፣ እሱ እኮ ቀድሞውንም ሸክም ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ኃጢአት ነው የሚለውን ስብከትም ለጊዜው ተይው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና እንዴትና መቼ እንደሚያደርገው ያሰበ እንደሆነ ጠይቂው። ካሰበበት ለደቂቃም ብቻውን አይተውም፤ ወዲያውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ውጭ ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ 988 ላይ ቀንም ሌሊትም ይደወላል። «የለም» ቢልሽም ቢሆን ሐኪም ጋ መሄዱ አይቀርም።

አሁን ወደ ክኒኑ። እህቴ፣ ምን ነካሽ? ለጎረቤት የታዘዘ መድኃኒት የጎረቤት ነው። የእንቅልፍ ክኒን ድብርትን አያክምም፣ አልኮል ከተጨመረበት ደግሞ አደገኛ ነው። ባልኖር ይሻላል የሚል ልጅ ባለበት ቤት ክኒን እንዲሁ አይቀመጥም! በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ፣ የተባይና የአረም ማጥፊያም ካለ፣ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ ወይም ተቆልፎ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ይሁን። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት እጁ ላይ ምንም አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ወንድምሽ ዕድሜው እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነው የማልለሳለሰው።

ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም። ጨጓራ ማለታችሁም አይገርመኝም፤ ድብርት እኛ አገር ብዙ ጊዜ በራስ ምታት፣ በማቃጠልና በድካም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ጠበሉንም ተዉ አልልም፣ ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። «አማኑኤል ገባ ተብሎ ስሙ ይጠፋል» የሚለውንም እርሱት። የአእምሮ ሕክምና ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ አለ፤ በሽታውም የሚታከም ነው። ምክርም አለ፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። መድኃኒት ከተጀመረ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተለይ በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆች የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል። «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ እንዳያቆም፤ ከተሻለውም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል።

አብረሽው ሂጂ። ለሐኪሙ የብድሩንም የጃኬቱንም ነገር ንገሪው፣ የክኒኑንም ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ። ምን ያህል እንደሰጠሽውም ሳትደብቂ ተናገሪ።