መልስ፦ ኃይል እያረፈበት ኤሌክትሮኑ ለምን አይፈጥንም?

ጥያቄህ "ወጥ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ኃይል እያረፈበት ፍጥነቱ ለምን አይጨምርም?" የሚል ነው። ቁም ነገሩ ያለው የኃይሉ አቅጣጫ ላይ ነው። መግነጢሳዊ ኃይል ምንጊዜም ከእንቅስቃሴው ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ወደ ፊት አይገፋውም፣ ወደ ኋላም አይጎትተውም፤ ወደ ጎን ብቻ ያጥፈዋል። ስለዚህ ጉልበት አይጨምርለትም፣ አይቀንስበትምም። አቅጣጫው ግን በየቅጽበቱ ይቀየራል። እኩል እየታጠፈ ሲሄድ ክብ ይሠራል።

በቁጥር እንየው። መስኩ 1 ሚሊቴስላ ነው እንበል (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው)። ኤሌክትሮኑ ለመስኩ ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ሜትር እየበረረ ገባ። የክቡን ሬዲየስ ለማግኘት ግዝፈቱን በፍጥነቱ አባዛና ለቻርጁና ለመስኩ ብዜት አካፍል። 5.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንዱን ዙር በ36 ናኖሴኮንድ አካባቢ ይጨርሳል።

አሁን ፍጥነቱን እጥፍ አድርገው። ክቡም እጥፍ ይሰፋል። የዙሩ ጊዜ ግን ያው 36 ናኖሴኮንድ! እኔ ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። መንገዱ የረዘመውን ያህል እሱም ፈጥኗልና። የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ሎውረንስ በ1930ዎቹ ሳይክሎትሮንን (ቅንጣቶችን እያዞረ የሚያፈጥን መሣሪያ) የሠራው በዚሁ ጸባይ ተጠቅሞ ነው። እዚያ ፍጥነት የሚጨምረው የኤሌክትሪክ መስኩ ነው፤ የመግነጢሱ ድርሻ ቅንጣቱን እያዞረ መመለስ ብቻ ነው። ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ግን ይህ እኩልነት ይፈርሳል።

ፕሮቶን ብታስገባ በተቃራኒው ይዞራል። ቅንጣቱ ሰያፍ ከገባ ደግሞ እየዞረ በመስኩ አቅጣጫ ስለሚጓዝ፣ መንገዱ እንደ ስፕሪንግ ይጠመዘዛል።