ጠበቃው ይመልሳል፦ ሰርቨሩ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ባለፈው ወር የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ የሱቅ ኪራይ ነበር፣ የዚህ ወር ደሞ ሶፍትዌር በሶፍትዌር ሆኗል። ሦስቱን መርጫለሁ፣ የቀራችሁ አትቀየሙኝ።

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጅማ የሕግ አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምኞቴ የቴክኖሎጂና የንግድ ጉዳይ ላይ ችሎት የሚቆም ጠበቃ መሆን ነው። ጓደኞቼ ኮድ ሳትችይ ምን ልትከራከሪ ነው እያሉ ይስቁብኛል፣ ቤተሰብ ደሞ ዓቃቤ ሕግነት ይሻልሻል ይላል። እውነት ኮድ መማር አለብኝ? አዲስ አበባ መግባትስ ግድ ነው?» (ከቆጪ)

እህቴ፣ እኔ ኮድ አልችልም። ኤክሴል ላይ ድምር ሲበላሽብኝ እንኳን የማስተካክለው የ13 ዓመት ልጄ ነው። የቴክኖሎጂ ክርክር ተብሎ ቢሮዬ የሚመጣው ነገር ከአስሩ ስምንቱ ሲገላለጥ ያው የውል ክርክር ነው፣ ማን ምን አደርጋለሁ አለ፣ መቼ፣ ስንት ተከፈለ፣ ምን ቀረ። ስለዚ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1675 ጀምሮ ያለው የውል ክፍል ነው፣ ለፈተና እንደምታጠኚው ሳይሆን ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁሽ እንድትመልሺ አድርገሽ። ከዛ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243/2013። እዚ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሙሉ ለሙሉ የተሻረ ይመስለዋል፣ ግን የቼክና የኢንሹራንስ ነገር አሁንም የሚገዛው በድሮው ነው። የቼክ ክስ ይዘሽ አዲሱን ሕግ ስትጠቅሺ ዳኛው ቀና ብለው ያዩሻል፣ ደርሶብኛል ብዬ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ከኮዱ በላይ የሚያስፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ግን በአንድ መዝገብ ላሳይሽ። ደንበኛዬ የህንፃ መሳሪያ ነጋዴ ነው። ገዢው ትዕዛዙን አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በመልእክት ሰርዣለሁ፣ እቃው ከመጋዘን የወጣው ከዛ በኋላ ስለሆነ አልከፍልም ብሎ ይከራከራል። የኛ መጋዘን ጠባቂ ቀርቦ «ሶስት ሰዓት አለፍ እንዳለ ነው የጫንነው» ብሎ መሰከረ። የሌላኛው ወገን ጠበቃ እቃ ከምንመዘግብበት ከራሳችን ሲስተም የወጣውን ወረቀት አነሳና እቃ የወጣበት ሰዓት ላይ ጣቱን አደረገ፣ 06:14 ይላል። «እንግዲህ ምስክሩ ሶስት ይላል ማሽኑ ስድስት ይላል፣ ማሽን አይዋሽም» ብሎ ቁጭ አለ። እኔ ወረቀቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ራሴ ነኝ ከማስረጃ ዝርዝር ጋር ያያያዝኩት። የምመልሰው አልነበረኝም፣ ቀጠሮ ጠይቄ ወጣሁ።

ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን መጋዘን ጠባቂው ስኳሩን እያማሰለ «ጋሼ፣ አርብ ስድስት ሰዓትማ እኔ ጁምዓ ነኝ፣ መጋዘኑ ዝግ ነው» አለኝ። በቃ እሱ ነው ያነቃኝ። ሲስተሙን የተከለውን ልጅ ጠርተን በማግስቱ መጋዘን ሄድን፣ በኛ አቆጣጠር ልክ አራት ሰዓት ከሀያ ላይ አንድ ካርቶን ሚስማር አስወጥተን መዘገብን፣ ሲስተሙ ምን ብሎ ጻፈ? 07:20። ሰርቨሩ፣ ማለትም መዝገቡ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ የግሪንዊች ሰዓት ላይ ነበር፣ ከኛ ሶስት ሰዓት ወደኋላ። እና 06:14 ማለት በፈረንጅ አቆጣጠር እዚህ 9:14፣ በኛ ሶስት ሰዓት ከ14 ማለት ነው፣ ምስክሩ ልክ እንዳለው። ልጁ በሙያ ምስክርነት ቀርቦ ይሄንኑ ሲያስረዳ ዳኛው የእጅ ሰዓታቸውን አይተው በጣታቸው ቆጠሩ፣ ከዛ ፈገግ አሉ።

ይሄ ኮድ አይደለም አይደል? ግን አርብ ቀን ጅማ ውስጥ መጋዘን መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው ጋር ሻይ መጠጣት ይጠይቃል። ቀኑም እንደዛው ነው፣ 11/01/2016 የሚል ደረሰኝ ስታዪ የኛ ነው የፈረንጅ፣ ቀኑ ነው ወሩ የሚቀድመው፣ ሳታጣሪ ወደ ክስ ማመልከቻ እንዳታስገቢ።

ሌላው ቋንቋ ነው። እዚህ የፍርድ ቤቱ የስራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ የሶፍትዌር ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ የቴሌግራም ጭቅጭቁ ደሞ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። አንዴ «የስድስት ወር ሳፖርት» የሚለው ተተርጉሞ «ድጋፍ» ሆኖ መጣና የሌላኛው ወገን ጠበቃ ድጋፍ ማለት በጎ ፈቃድ ነው ግዴታ አይደለም ብሎ ግማሽ ሰዓት ተከራከረበት። ሦስቱንም ቋንቋ አጥብቀሽ ያዢ፣ ፓይተን ከሚባለው የኮድ ቋንቋ በፊት።

አዲስ አበባ ግድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ስልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶችም ስለሚሰጥ ኮፒራይትን የመሰለ የፌዴራል ጉዳይም በክልሉ ፍርድ ቤት ይታያል። ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሲደርስ ግን ያው 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ማንበብ ከአሁኑ ልመጂ፣ የሕግ ትርጉሙ ከ1997 ጀምሮ የስር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ደሞ እኔ ስጀምር ጠበቃ ብቻውን ነበር የሚሰራው፣ ከአዋጅ 1249/2013 ወዲህ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ስለተቻለ ከጓደኞችሽ ጋር አንዷ ውል አንዷ ዳታ ብላችሁ መከፋፈል ትችላላችሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ 1321/2016 ገና ትኩስ ነው፣ እኔ እድሜዬ ገፋ፣ አንቺ ቀድመሽ ያዢው። ዓቃቤ ሕግነቱን ደሞ አትናቂው፣ ሁለት ዓመት መስቀለኛ ጥያቄ ስትጠይቂ ብትውዪ ምንም አይጎዳሽም።

«ቡና ነጋዴ ነኝ። ለመጋዘኔ ሲስተም እንዲሰራልኝ ከአንድ ልጅ ጋር ተስማማን፣ ግማሹን ከፈልኩት። ሲሰራ ኪሎ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ እኔ ከገበሬው የምረከበው በፈረሱላ ነው። አስተካክል ስለው ቀሪውን ክፈል አለኝ፣ አልከፍልም ስል ፓስወርዱን ቀይሮ ጠፋ። የገበሬ ሂሳብ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው። ሲስተሙ የኔ ነው የሱ? ሰብሮ የሚከፍት ልጅ አግኝቻለሁ፣ ላስከፍተው?» (ከአጋሮ መውጫ)

አያስከፍቱት! ይሄን መጀመሪያ ልበል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለፈቃድ ሲስተም ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል፣ የኔ ንብረት ነው ብለው ቢከራከሩም መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብለው ነው የሚከራከሩት። ልጁም ቢሆን ቆልፎብዎት መጥፋቱ በዚሁ አዋጅ ሊያስጠይቀው ይችላል፣ እና ይሄን የመደራደሪያ ጉልበትዎን በገዛ እጅዎ አይጣሉት።

የማን ነው ለሚለው፣ የኮፒራይት አዋጁ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለም ለአሰሪው ወይም ላዘዘው ሰው ያደላል። ግን አንቀጹ የቅጥር ውልን አስቦ የተጻፈ ስለሚመስል እንደርስዎ በኮንትራት ላሰራ ሰው ክርክር አያጣውም። የገበሬዎቹ ሂሳብ ግን የርስዎ መዝገብ ነው፣ ፕሮግራሙና ውስጡ ያለው ዳታ ለየቅል ናቸው። ክስ ከመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው እግድ ነው፣ ዳታው እንዳይጠፋና ኮፒው እንዲሰጥዎት።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎት። የላኩልኝን ውል አየሁት፣ «ክብደት ይመዘግባል» ነው የሚለው። ፈረሱላ የሚል ቃል የለበትም። ለርስዎ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑ ከእናት ጡት ጋር የገባ ነገር ነው፣ ያ ልጅ ግን ምናልባት በሕይወቱ ፈረሱላ መዝኖ አያውቅም። ዳኛ ፊት ሲደርስ «ቡና ነጋዴ መሆናቸውን እያወቀ» ብለን እንከራከራለን፣ የንግድ ልማድም እንጠቅሳለን፣ ማሸነፋችን ግን እርግጥ አይደለም። ደሞ ክፍያ ከመከልከልዎ በፊት በጽሁፍ ይሄን ያህል ቀን ውስጥ አስተካክል ብለው አስጠንቅቀውታል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፣ በስልክ መሳደብን እንደ ማስጠንቀቂያ ለማስቆጠር በጣም እንቸገራለን።

ስለዚ ዛሬ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፣ ፓስወርዱ ይመለስ፣ ፈረሱላው ይጨመር፣ ያኔ ቀሪውን እከፍላለሁ። ገንዘቡን ሁለታችሁም የምታምኑት ሽማግሌ ዘንድ ያስቀምጡት። የሶፍትዌር ጉዳይ በጃርሱማ አይታይም ያለ ማንም የለም፣ እኔ በዚህ ዓመት ሁለቱን በሽማግሌ ጨርሻለሁ። እሸት ቡናው መምጣት ከመጀመሩ በፊት ሲስተሙ ያስፈልግዎታል፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደሞ የቡና ወቅት አይቶ አይሰጥም። ዳኝነት ከፍለው፣ መልስ ጠብቀው፣ ጭብጥ ተይዞ ምስክር እስኪሰማ ጥር ያልፋል።

«የሞባይል እቃ በጅምላ አከፋፍላለሁ። ዱቤ የወሰደ ሰው ካደኝ። ያለኝ የቴሌግራም ጽሁፍና የሱ ድምፅ ብቻ ነው፣ የተፈረመ ወረቀት የለንም። ዋጋ አለው?» (ከመርካቶ)

አለው። ሸቀጥ በዱቤ ለመሸጥ ሕጉ የግድ የጽሁፍ ውል አይጠይቅም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1719 ይመልከቱ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁም 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አይከለከልም ይላል። ጊዜም አለዎት፣ የውል ክስ መደበኛ ይርጋው አስር ዓመት ነው፣ ግን አስር ዓመት አለኝ ብለው አይተኙበት፣ ያ ሰው እስከዛ ሱቁን ሸጦ ሊሄድ ይችላል፣ ፍርዱን ማን ላይ ያስፈጽማሉ?

የሚያሰጋኝ ስክሪንሾቱ ነው። ሰው ሁሉ ስክሪንሾት አንስቶ ጽሁፉን ያጠፋዋል፣ ከዛ ሌላው ወገን «ይሄ ፎቶሾፕ ነው» ይላል። ዋናው ጽሁፍ ከነቀኑ፣ ከነስልክ ቁጥሩ እዛው ስልኩ ላይ ይቆይ፣ ድምፁም እንዲሁ። ቴሌግራም ላይ እሱም ከርስዎ ስልክ ጭምር ሊያጠፋው እንደሚችል አይርሱ፣ ዛሬውኑ ሙሉ ንግግሩን ኤክስፖርት አድርገው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። በቴሌብር ትንሽ እንኳን ከፍሎዎት ከነበረ ያቺን መልእክት ይፈልጓት፣ ከሁሉም በላይ የምወዳት ማስረጃ እሷ ናት፣ ዕዳ የሌለበት ሰው ምን ሊከፍል ገንዘብ ላከ? ስልኩን ደሞ ክርክሩ እስኪያልቅ አይሽጡት፣ ሱቅዎ ውስጥ ስንት አዲስ ስልክ እንዳለ አውቃለሁ።