ለጥምቀት ከመምጣታችሁ በፊት ያን መንጋጋ ለማን ታሳዩት?

አሜሪካ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ስሠራ ኖሬ ነው ወደ ጎንደር የተመለስኩት። ጥር ሲቃረብ ዘመዶቼ ከውጭ ይደውላሉ። ከጥምቀት ወሬ ቀጥሎ ጥርስ ይነሣል። «እታለም፣ ሐኪሜ ሩት ካናል ያስፈልግሻል ብሎ ወደ ስፔሻሊስት ላከኝ። ራሱ ለምን አይሠራውም? ብሬን ሊያስበላኝ ነው? ጎንደር መጥቼ ባሠራውስ?»

ሩት ካናል ማለት የታመመውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ፣ በሥሩ ውስጥ ያለውን ቦይ አጽድቶ ማሸግ ነው። ሐኪማችሁ ብራችሁን ሊያስበላ አይደለም። ራሱ ቢሠራው እኮ ገንዘቡ የሚገባው ለእሱ ነበር። «ይህን ከእኔ የተሻለ የሚሠራው አለ» የሚል ሐኪም አክብሩት።

ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ሁሉንም ይሠራል። ያጥባል፣ ይሞላል፣ ይነቅላል፣ ሩት ካናልም ይሠራል። ኢንዶዶንቲስት የሚባለው ግን አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ 2 ወይም 3 ዓመት ጨምሮ የጥርስን ነርቭና ሥር የተማረ ነው። ውሎው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። በማይክሮስኮፕ እያየ ይሠራል። ካስፈለገም ሥሩን ከየአቅጣጫው የሚያሳይ ራጅ ያነሣል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀጥ ያለ ቦይ ነው ያለው። ለእሱ ጥሩ ጠቅላላ ሐኪም ይበቃል፤ ተጨማሪ ወጪ አታውጡ። የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ግን ሌላ ነው። ሥሩ ሦስት ሆኖ ቦዩ ብዙ ጊዜ አራት ይሆናል። አራተኛው በጣም ቀጭን ስለሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ ለማግኘት ያስቸግራል። እሱ ሳይጸዳ ከታሸገ ጀርሙ ውስጥ ይቀራል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ድዱ ያብጥና «ነርቩ ተገድሎ የለም እንዴ?» ትላላችሁ። ስለዚህ ጥርሱ የኋላ መንጋጋ ከሆነ፣ ሥሩ ከጠመመ፣ በተለይ ደግሞ አንዴ ተሠርቶ እንደገና ካመመ፣ ስፔሻሊስቱ ጋ ሂዱ።

ማንም ይሥራው ማን፣ ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን ስስ ላስቲክ ያደርግ እንደሆነ ጠይቁ። አላደርግም ካለ እኔ ብሆን ከወንበሩ እነሣለሁ።

ስለ ገንዘቡ፦ አሜሪካ ያለ ብዙ የጥርስ ኢንሹራንስ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ አለው። አብዛኛውም በጃንዋሪ ይታደሳል። ሩት ካናሉን በዲሴምበር፣ ክራውኑን፣ ማለትም ጥርሱ ላይ የሚለበሰውን ሽፋን፣ በጃንዋሪ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ክሊኒኩን ጠይቁ።

ጎንደርስ? ጎበዝ ሐኪሞች እዚህም አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ የእናንተ ጊዜ ነው። ሩት ካናል አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ቀጠሮ ይፈልጋል። ከዚያ ክራውን አለ። ከተራና ጥምቀት መሐል፣ ዘመድ በየቤቱ እየጠራችሁ፣ ይህን መጨረስ ከባድ ነው። ጀምራችሁ ጊዜያዊ ሙሌት ይዛችሁም አትምጡ። ክራውን ያልለበሰ መንጋጋ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ እዚህ ደግሞ ቡና በተፈላ ቁጥር ቆሎ ይቀርባል። አጎቴ ቤት ቆሎውን እንቢ ማለት እንዴት እንደሚያስቸግር እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስትመጡ ራጁን በስልካችሁ ያዙ። እዚህ ድንገት ቢያማችሁ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። ፒያሳ ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ግን ጥርሱን አያድነውም። በሞተው ነርቭ ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ አይደርስበትም። ፊታችሁ ካበጠ፣ ካተኮሳችሁ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።