ብቻውን ለቀረ ጊኒ ፒግ ጓደኛ ስለማምጣት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ዙሪክ አጠገብ ባለ የእንስሳት መጠለያ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጊኒ ፒጎቹ (ጭራ የሌላቸው፣ ከአይጥ ወገን የሆኑ ትናንሽ የቤት እንስሳት) ክፍል የኔ ነው። ዛሬ ማታ የምመልሰው አንዱ ሞቶ ሌላው ብቻውን ለቀረባችሁ ነው። ስትጠይቁ ፆታ፣ ዕድሜና ክብደት ጻፉ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ሁለት እህትማማቾች ነበሩን፤ አንዷ ባለፈው ሳምንት ሞተችብን። የቀረችው አራት ዓመቷ ነው፣ 950 ግራም። ጥግ ይዛ ትውላለች፤ ፍሪጅ ሲከፈት እንኳ መጮህ ትታለች። ልጄ እሷን እያየች ታለቅሳለች። ሐዘኗ እስኪወጣላት እንጠብቅ ወይስ ቶሎ እናምጣላት?

መልስ፦ ልጅሽን አይዞሽ በይልኝ። ጓደኛ ለማምጣት ሐዘን እስኪወጣ አይጠበቅም። የነዚህ ዘር ከአንዲስ ተራሮች ነው፤ በመንጋ እየኖሩ አንዱ አደጋ ሲያይ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ይሸሻሉ። ብቻዋን የቀረች የሚጠብቅላት ስለሌለ ተደብቃ ትውላለች። እዚህ ስዊዘርላንድ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ጊኒ ፒግ ለብቻ ማኖር በሕግ ክልክል ነው።

መጀመሪያ ግን፣ ትበላለች? ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች አንጀቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። እሱ ሐዘን አይባልም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ መዝኛት። የሞተችው በምን እንደሞተችም አጣሪ፤ የሚተላለፍ በሽታ ከሆነ አዲሷም ትያዛለች።

ለብቸኛ ሴት በጣም የሚስማማት የተኮላሸ ወንድ ነው። ከተኮላሸ በኋላ ግን እስከ ስድስት ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል፣ ስለዚህ ቀኑን ጠይቂ። ከመጣም በኋላ ሦስት ሳምንት ሌላ ክፍል ይቆያል። ሦስት ሳምንት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ጥንቸል አለን። ጊኒ ፒጉን ከእሷ ጋር ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። በአንድ ርግጫ ጀርባውን ልትሰብረው ትችላለች፤ እሷን የማያሳምም ባክቴሪያም እሱን የሳንባ ምች ያስይዘዋል። ቋንቋቸውም አይገናኝም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ትናንት ከሱቅ አንድ ወንድ ገዝቼ በቀጥታ የነባሩ ወንድ ኬጅ ውስጥ ከተትኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲባሉ አደሩ። አይስማሙም ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሁኑኑ ለያቸው። ሁለት ነገር ተበላሽቷል።

አንደኛ፣ ሦስት ሳምንቱን አልጠበቅህም። ጭርት፣ እከክና ጉንፋን አብረው ይመጣሉ፣ በመጀመሪያው ቀንም አይታዩም። ሌላ ክፍል፣ ሌላ ዕቃ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ነባሩን አብላ፣ ከዚያ አዲሱን፣ ከዚያ እጅህን ታጠብ።

ሁለተኛ፣ እንግዳውን የባለቤቱ ርስት ላይ ጣልከው። ሦስት ሳምንቱ ሲያልፍ ሁለቱም የማያውቁት ቦታ ምረጥ። ሳሎን ወለል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፈህ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል እጠር። መሐሉ ላይ ድርቆሽ ከምር። መደበቂያው ግራና ቀኝ በር የተቀደደለት ካርቶን ይሁን፤ በሩ አንድ ከሆነ ተባራሪው እዚያው ይያዛል። ከዚያ ቁጭ በልና እጅህን ሰብስብ። እያጉረመረመ ዳሌውን ያወዛውዛል፣ ያባርራል፣ ላዩ ላይ ይወጣል፣ አገጩን ወደ ላይ ይሰቅላል። ይህ ጠብ አይደለም፣ ማን አለቃ እንደሚሆን እየተነጋገሩ ነው። ሰው በየደቂቃው እየገባ ሲለያያቸው ንግግሩን እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። ፀጉር ሲቆምና ጥርስ ማፋጨት ሲበዛ ፎጣ ይዘህ ተጠጋ። ደም ካየህ ወይም ተያይዘው እንደ ኳስ ከተንከባለሉ ፎጣውን ጣልባቸውና ለያቸው። ባዶ እጅህን እንዳታስገባ፤ እኔ ጣቴ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። ሰዓታት ይወስዳል። ጎን ለጎን ሆነው መብላት ሲጀምሩ፣ ኬጁን በደንብ አጥበህ ዕቃውን አቀያይረህ ሁለቱን አንድ ላይ አስገባቸው። ሦስተኛ ወንድ እንዳትጨምር።

አስተያየት (ከዋሽንግተን)፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ለአይጥ ይህ ሁሉ? እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ኬጁን ስታይ እዚህ ቤት አላድርም አለች።

አስተያየት (ከስቶክሆልም)፦ የኔም እናት መጀመሪያ እንዲሁ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ጎመን እየቀነጠሱ የሚያበሏቸው እሳቸው ሆኑ።

አስተያየት (ከዋሽንግተን)፦ ፔሩ ውስጥ ጠብሰው ይበሉታል እኮ!

አስተያየት (ከስቶክሆልም)፦ እኛስ በግ እናርድ የለ? ታዲያ በጉን ሲያመው ዝም ብለን እናያለን?

መልስ፦ እሱን ሌላ ቀን ተነጋገሩበት። ቤት ያስገባነው እንስሳ በኛ እጅ ነው ያለው። ቀጣይ።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ የኔ ደህና አይደለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደህና አይደለም ምን ማለት ነው? አይበላም? ያስላል? ክብደቱ ስንት ነው? በዚህ ላይ ምንም ልልሽ አልችልም፤ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ቤት ያለ አሞክሲሲሊን (የሰው አንቲባዮቲክ) እንዳትሰጪው፣ ሊገድለው ይችላል።

ጥያቄ (ከሮም)፦ እንጀራ ይበላል?

መልስ፦ አትስጡት። ድርቆሽ፣ ውኃ፣ አትክልት። ቫይታሚን ሲ ሰውነቱ አይሠራም፣ ስለዚህ የማያቃጥል ቃሪያ በየቀኑ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ አዲሷን ስንት ቀን ነው የምለያት? ሱቁ ጤነኛ ናት ብሎኛል። የኔም ሴት ናት።

መልስ፦ ሦስት ሳምንት! ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሱቁ «ሴት ናት» ያለህንም በሐኪም አረጋግጥ። እኛ ጋ እህትማማቾች ተብለው የመጡ ሁለት፣ በሁለት ወር ስድስት ሆነዋል። ወንዱ በሦስት ሳምንቱ ማስረገዝ ይጀምራል። ከስድስት ሰባት ወሯ በኋላ መጀመሪያ ያረገዘች ደግሞ የዳሌ አጥንቷ አልላቀቅ ብሎ ምጥ ላይ ልትሞት ትችላለች። እኔ በእጄ ላይ ሞታብኛለች።

ጥያቄ (ከጄኔቫ)፦ ልጄ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ሴት ልጄ ለትምህርት ስትሄድ ትታልኝ የሄደችው ወንድ ነው፣ ስድስት ዓመቱ። ጓደኛው ሞተ። አሁን ሌላ ባመጣ እሱ ሲሞት ደግሞ አዲሱ ብቻውን ይቀራል። ማብቂያው የት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መግዛት የለብዎትም። እዚህ አገር ለሽማግሌ ጊኒ ፒግ ጓደኛ በውሰት ወይም በኪራይ የሚሰጡ ሰዎችና መጠለያዎች አሉ፤ የእርስዎ ሲሞት የመጣውን ይመልሳሉ። በዕድሜ የገፋና ረጋ ያለ ይጠይቁ። እንዲኮላሽ ይሉዎት ይሆናል፤ በስድስት ዓመቱ ማደንዘዣ ያሰጋዋል፣ ስለዚህ ሴት አይውሰዱ። ራሱን ይዘውት ሄደው ከእነሱ ወንዶች ጋር ይሞክሩት፤ የሚስማማውን እሱ ይመርጣል። የመመለሱን ነገር በጽሑፍ ያድርጉት።

ጥያቄ (ከጄኔቫ)፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ነገ እደውላለሁ። እነሱ ጋ ከሆነም ሦስት ሳምንቱ አለ?

መልስ፦ ለይተው አቆይተውት ሐኪም አይቶት እንደሆነ ይጠይቁ። ካልሆነ፣ አዎ እናቴ፣ ሦስት ሳምንት።